መድኃኒትን በእንስሳት ላይ መሞከር ተገቢ ነውን?



ብዙዎቻችሁ ከቤት ሥራው ሌላ አረጋውያንን ትንከባከባላችሁ። ከምትንከባከቧቸው አባቶችና እናቶች መካከል የስኳር በሽታ ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። ጣታቸውን ወግታችሁ የደም ስኳራቸውን ትለካላችሁ፤ ኢንሱሊኑን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ሐኪሙ ያዘዘውን ዩኒት ትቆጥራላችሁ። ለመሆኑ ይህ መድኃኒት ለሰው እንደሚሆን መጀመሪያ እንዴት ታወቀ? ከሰው በፊት የተወጉትስ እነማን ነበሩ? መልሱ ውሾችና ጥንቸሎች ናቸው።

በዚህ እትማችን በየቤቱ ብዙ የማይነሣ፣ ነገር ግን ሁላችንንም የሚመለከት ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ሰውን ለማዳን ሲባል እንስሳትን ማሳመምና መግደል ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ ወሰኑ የት ላይ ነው? (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኢንሱሊን ታሪክ ምን ያስተምረናል?

በ1889 በስትራስቡርግ ከተማ ኦስካር ሚንኮቭስኪ እና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሐኪሞች የአንድን ውሻ ቆሽት በቀዶ ሕክምና አወጡ። ያሰቡት ቆሽት ለምግብ መፈጨት ያለውን ጥቅም ለማወቅ ነበር። ውሻው ግን ቶሎ ቶሎ መሽናት ጀመረ፤ ሽንቱም ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። የስኳር በሽታ ከቆሽት ጋር የተያያዘ መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚያ መድኃኒቱ እስኪገኝ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ አልፏል። በእነዚያ ዓመታት በስኳር በሽታ የተያዘ ልጅ የመዳን ተስፋ አልነበረውም። ሐኪሞች ያላቸው አማራጭ የልጁን ምግብ እጅግ መቀነስ ብቻ ነበር። ልጆቹ በረሃብ ቆዳቸው ከአጥንታቸው ተጣብቆ ጥቂት ወራት ወይም አንድ ሁለት ዓመት ቆይተው ይሞቱ ነበር።

በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ፍሬድሪክ ባንቲንግ የተባለ ወጣት ሐኪምና ረዳቱ ቻርልስ ቤስት በፕሮፌሰር ጆን ማክሊዮድ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። የውሾችን ቆሽት እያወጡ የስኳር በሽተኛ አደረጓቸው። ከዚያም ከሌሎች እንስሳት ቆሽት ያዘጋጁትን ፈሳሽ ወጓቸው፤ የደም ስኳራቸውም ወረደ። በዚህ ሥራ ብዙ ውሾች ሞተዋል። ማርጆሪ የሚል ስም የወጣላት አንዲት ውሻ ግን በመርፌው ኃይል 70 ቀን ያህል ኖረች። በመጨረሻ እርሷም አልተረፈችም።

በጃንዋሪ 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በቶሮንቶ ሆስፒታል በሞት አፋፍ ላይ ነበር። በ11ኛው ቀን የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደ፤ ፈሳሹ በሚገባ ያልተጣራ ስለ ነበር ብዙም አልረዳውም። ጄምስ ኮሊፕ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ካጣራው በኋላ በ23ኛው ቀን እንደገና ተወጋ። ስኳሩ ወረደ፤ ጉልበቱም ተመለሰ። ሊዮናርድ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖሯል። ባንቲንግና ማክሊዮድ በ1923 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ተመራማሪዎቹ የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው የሸጡት በነፍስ ወከፍ በ1 ዶላር ብቻ ነበር።

በየቀኑ የምትቆጥሩት «ዩኒት» እንኳ ከእንስሳ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በመጀመሪያ አንድ ዩኒት ማለት ሳትበላ የዋለች 2 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል ተወግታ፣ ስኳሯ እስኪያንፈራግጣት ድረስ ዝቅ እንዲል የሚያደርግ የመድኃኒት መጠን ነበር። ልኩ በኋላ ተሻሽሏል፤ ዛሬም የሚለካው በሌላ ዘዴ ነው። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ በብልቃጡ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመት ያህል ኢንሱሊን የሚሠራው በቄራ ከታረዱ አሳማዎችና ከብቶች ቆሽት ነበር። 8 አውንስ፣ ማለትም ሩብ ኪሎ የማይሞላ ንጹሕ ኢንሱሊን ለማግኘት ከ2 ቶን በላይ የአሳማ ብልት ያስፈልግ ነበር። በ1978 ግን ሳይንቲስቶች የሰውን ኢንሱሊን በባክቴሪያ አማካኝነት ለመሥራት ቻሉ፤ በ1982ም በአሜሪካ ለሽያጭ ተፈቀደ። ዛሬ በየፋርማሲው የምናገኘው ኢንሱሊን በአብዛኛው እንዲህ ባለው መንገድ የተሠራ ነው።

«ተገቢ ነው» የሚሉ ወገኖች

የእንስሳት ሙከራን የሚደግፉ ሰዎች በመጀመሪያ የሚያነሡት ይህንኑ የኢንሱሊን ታሪክ ነው። የእነዚያ ውሾች ሕይወት ባያልፍ ኖሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ይሞቱ ነበር ይላሉ።

ሁለተኛው መከራከሪያቸው፣ መድኃኒቱ በእንስሳ ላይ ካልተሞከረ የመጀመሪያው መሞከሪያ ሰው ይሆናል የሚል ነው። ለዚህም በ1937 በአሜሪካ የደረሰውን ይጠቅሳሉ። ሰልፋኒላማይድ የተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በኪኒን መልክ ሰውን ይጠቅም ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ፋብሪካ ልጆች በቀላሉ እንዲወስዱት በፈሳሽ መልክ አዘጋጀው። መድኃኒቱን ያሟሟበት ኬሚካል መርዝ መሆኑን ግን አስቀድሞ አልመረመረም፤ ሕጉም አያስገድደውም ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ሕፃናት ነበሩ። በዚህ ምክንያት በ1938 ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ የሚያዝ ሕግ ወጣ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ በግድ ያደረጉት ሙከራ በፍርድ ቤት ታየ። ከዚያ የመነጨው የ1947ቱ የኑረምበርግ ደንብ፣ ሰው ሳይፈቅድ ምንም ዓይነት ሙከራ እንዳይደረግበት ይከለክላል። በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራም አስቀድሞ በእንስሳት ላይ በተገኘ ውጤት ላይ እንዲመሠረት ይጠይቃል።

በመጨረሻም፣ «ለምግባችን በግና በሬ የምናርድ ሰዎች፣ የሕፃን ሕይወት ለማዳን አይጥ አይሙት ማለት እንዴት እንችላለን?» ብለው ይጠይቃሉ።

«ተገቢ አይደለም» የሚሉ ወገኖች

ተቃዋሚዎቹም ቀላል የማይባል መልስ አላቸው። እንስሳ ይታመማል፣ ይፈራል፣ ልጁ ሲወሰድበት ይጨነቃል። ከከብት ጋር ያደግን ሁላችን ይህንን ለማወቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልገንም። ውሻዋ አልተጠየቀችም፤ ብትጠየቅም እሺ ወይም እምቢ ማለት አትችልም። ኃይለኛው ስለ ቻለ ብቻ በደካማው ላይ የፈለገውን ማድረግ ይገባዋል ወይ? ይህ ጥያቄ በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ እህታችን እንግዳ አይደለም።

ሌላው ነጥብ የእንስሳ አካልና የሰው አካል አንድ አለመሆኑ ነው። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ታሊዶማይድ የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት ለገበያ ቀረበ። በአይጥ ላይ ሲሞከር ምንም ጉዳት ስላላሳየ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ጀመር። መድኃኒቱ በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በልዩ ልዩ አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ፣ ወይም ሌላ ጉዳት ደርሶባቸው ተወለዱ። በኋላ ሲመረመር፣ መድኃኒቱ የአይጥን ጽንስ እምብዛም የማይጎዳ፣ የጥንቸልንና የጦጣን ጽንስ ግን የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ሁለቱም ወገኖች ይማራሉ። አንዱ «በነፍሰ ጡር እንስሳት ላይ በሚገባ ቢሞከር ኖሮ ይታወቅ ነበር» ይላል። ሌላው ደግሞ «የትኛው እንስሳ ሰውን እንደሚመስል አስቀድሞ ማን ያውቃል?» ይላል።

በ2006 በለንደንም ስድስት ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው አዲስ መድኃኒት ተወጉ። ጦጣዎች ከዚያ 500 እጥፍ የሚበልጥ መጠን ወስደው ምንም አልሆኑም ነበር። ሰዎቹ ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በጠና ታመሙ። ሁሉም ቢተርፉም አንደኛው የእግር ጣቶቹን አጥቷል። በአጠቃላይ የእንስሳትን ሙከራ አልፈው ወደ ሰው ከሚደርሱ 10 መድኃኒቶች 9ኙ ያህል በሰው ላይ ሲሞከሩ ሳይሳካላቸው ይቀራሉ።

መካከለኛው መንገድ

በ1959 ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች የተባሉ እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች በአንድ መጽሐፋቸው ሦስት መመሪያዎችን አቀረቡ። ዛሬ በብዙ አገሮች ያሉ ሕጎች በእነዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

1. መተካት። ሌላ ዘዴ ካለ እንስሳ አይነካ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የእርግዝና ምርመራ ነው። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንዲት ሴት መፀነሷን ለማወቅ ሽንቷ በአይጥ ወይም በጥንቸል ይወጋ ነበር፤ ከዚያ እንስሳዋ ተገድላ እንቁላል ማፍሪያዋ ይታያል። ቀጥሎም በእንቁራሪት መመርመር ተጀመረ፤ ሴቲቱ ከፀነሰች እንቁራሪቷ እንቁላል ትጥላለች። ዛሬ ግን ከፋርማሲ የሚገዛ ትንሽ መመርመሪያ በደቂቃዎች ውስጥ መልሱን ይሰጣል።

2. መቀነስ። በ20 አይጥ የሚታወቀውን ነገር በ100 አይጥ አለመሞከር፤ ሌላው ያገኘውን ውጤት ሳያዩ እንደገና አለመድገም።

3. ሥቃይን ማቃለል። ማደንዘዣና የሕመም ማስታገሻ መስጠት፣ በቂ ስፍራ ማዘጋጀት፣ ሥቃዩ ሲበዛ ሙከራውን ማቆም።

ሕጎችም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተለወጡ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ባወጣው ሕግ ተቀባይነት ያለው ሌላ ዘዴ ካለ በእንስሳ መጠቀም አይፈቀድም። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ በእንስሳት ላይ የተሞከረ ሊፕስቲክ፣ ሻምፖና ክሬም በኅብረቱ አገሮች እንዳይሸጥ ተከልክሏል። በአሜሪካ በ2022 መጨረሻ የወጣ ሕግ ከ1938 ጀምሮ የቆየውን ግዴታ በማንሣት፣ በላቦራቶሪ በሚያድጉ የሰው ሕዋሳትና በኮምፒውተር የሚገኝ ማስረጃ በእንስሳት ሙከራ ምትክ እንዲቀርብ ፈቅዷል። ይህ ማለት ግን የእንስሳት ሙከራ ቀርቷል ማለት አይደለም። ሕዋስ ብቻውን ልብ፣ ጉበትና ጽንስ በአንድነት የሚያደርጉትን ሁሉ አያሳይም።

እኛስ ምን እንላለን?

እኛ በበኩላችን «ሁልጊዜ ይፈቀዳል» ወይም «ፈጽሞ አይፈቀድም» ማለት ይከብደናል። የሚሞት ሕፃን አልጋ አጠገብ ቆሞ «ውሻዋ ትብለጥ» የሚል ሰው አናገኝም። ነገር ግን ለአዲስ የሊፕስቲክ ቀለም ሲባል የጥንቸል ዓይን ይቃጠል ማለትም አንችልም። ልዩነቱ በግድና በቅንጦት መካከል ነው። ሌላ መንገድ የሌለበት፣ የሰው ሕይወት የሚተርፍበት፣ ሥቃዩም በተቻለ መጠን የተቀነሰበት ሙከራ ሊፈቀድ ይችላል። ከዚያ ያለፈው ግን ጭካኔ ነው። ቅዱስ መጽሐፍም የሰንበትን ዕረፍት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለበሬውና ለአህያውም ማዘዙን አንርሳ። እንስሳ የሚያገለግለን ቢሆንም ድካሙና ሕመሙ ይቆጠርለታል።

ከዚህ ተነሥተን ለእናንተ ለአንባቢዎቻችን ሁለት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ እንስሳው የሌለው መብት እናንተ አላችሁ። በሆስፒታልም ሆነ በክሊኒክ ስለ አዲስ መድኃኒት ሙከራ ወረቀት ፈርሙ ብትባሉ፣ በምትረዱት ቋንቋ እንዲብራራላችሁ ጠይቁ። ምን እንደሚሰጣችሁ፣ ምን ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል፣ በፈለጋችሁ ጊዜ መተው እንደምትችሉ ሊነገራችሁ ይገባል። ስለ እናንተ ሆኖ መፍቀድ ለአሠሪ የተሰጠ ሥልጣን አይደለም። ያልገባችሁን አትፈርሙ።

ሁለተኛ፣ ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት መድኃኒት በቸልታ አይበላሽ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው የፍሪጅ ክፍል ይቀመጥ እንጂ በረዶ ቤት አይግባ፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራም። የተከፈተው በአብዛኛው ከ28 ቀን በላይ አይቆይም፤ እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ አብሮት ያለውን ወረቀት አስነብባችሁ አረጋግጡ፤ የተከፈተበትንም ቀን ጻፉበት። በተለይ በዚህ አገር በጋ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አትተዉት። ዩኒቱ ካጠራጠራችሁ ሳትወጉ በፊት ነርስ ወይም ሐኪም ጠይቁ።

የምትንከባከቧቸው አረጋውያን ዛሬ በሕይወት ያሉት ስማቸው በማይታወቅ ብዙ ፍጥረታት ዋጋ፣ ደግሞም በእናንተ እጅ ነው። እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ያቆየን።