የፕላኔቶች መገናኘትና የትንቢት ምልክት

በማቴዎስ ወንጌል በሁለተኛው ምዕራፍ ሰብአ ሰገል ኮከብ አይተው ከምሥራቅ እንደ መጡ እናነባለን። «ሰገል» በግእዝ የጥንቆላንና የኮከብ ቆጠራን ጥበብ የሚያመለክት ቃል ነው። እንግዲህ ወደ ሕፃኑ በመጀመሪያ ከደረሱት መካከል የነበሩት ብሉይ ኪዳን ሥራቸውን የሚነቅፍባቸው ዐይነት ሰዎች ናቸው። ነቢዩ ኤርምያስ በዐሥረኛው ምዕራፍ ሕዝቡ የሰማይን ምልክት እንዳይፈራ ይመክራል፤ ኦሪት ዘፍጥረት ግን ብርሃናት ለምልክትም እንደ ተፈጠሩ ይናገራል፤ ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 21 በፀሐይና በጨረቃ በከዋክብትም ምልክት እንደሚሆን ተናግሯል። ክርስቲያኖች ሁለት ሺህ ዓመት ያህል በእነዚህ ቃሎች መካከል ሲመላለሱ ኖረዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ከዚህ ሰፊ ነገር አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ይኸውም ፕላኔቶች በአንድ ስፍራ ሲሰበሰቡ የእግዚአብሔር ምልክት ነው መባሉ ነው። ዓመቶቹ የእኛ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቀደሙት አበው ምልክትን የተመለከቱበት መንገድ ከኋለኞቹ የተለየ ነበር። ታሉስ የተባለ ጸሐፊ ጌታ በተሰቀለ ጊዜ የሆነውን ጨለማ የፀሐይ ግርዶሽ ነው ብሎ ነበር። በሦስተኛው መቶ ዓመት ዩልዮስ አፍሪካኖስ ይህን አልተቀበለም። ምክንያቱ አጭር ነው፤ የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስትገባ፥ ማለት በሠርቀ ጨረቃ ጊዜ ነው፤ ፋሲካ ግን የሚውለው ጨረቃ በሞላች ጊዜ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ለአፍሪካኖስ ጨለማው ምልክት የሆነው ከሒሳብ ውጭ ስለ ነበረ ነው፤ አስቀድሞ ሊቈጠር የሚችል ቢሆን ኖሮ እንደ ማንኛውም ግርዶሽ በታየ ነበር።

ፕላኔቶች ሲገናኙ ታሪክ ይለወጣል የሚለው ትምህርት የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው አቡ መዕሸር ስለ ታላላቆቹ መገናኘቶች የጻፈው መጽሐፍ በ12ኛው መቶ ዓመት ወደ ላቲን ተተርጕሞ በምዕራብ ክርስቲያኖች ዘንድ ተስፋፋ። የሒሳቡ መሠረት ቀላል ነው። ጁፒተር፥ የእኛ ሊቃውንት መሽተሪ የሚሉት፥ ክቡን ለመዞር 12 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ ሳተርን ወይም ዙሐል 29 ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ጁፒተር 30 ዲግሪ ያህል ሲሄድ ሳተርን 12 ዲግሪ ያህል ይሄዳል። ፈጣኑ በየዓመቱ 18 ዲግሪ ስለሚቀድም፥ ዞሮ እንደገና የሚደርስበት በ20 ዓመት ነው። በ20 ዓመት ውስጥ ደግሞ ሳተርን የክቡን ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሚጓዝ፥ ተከታትለው የሚመጡት ሦስት መገናኘቶች በመሥመር ቢያያዙ ሦስት ማዕዘን ይወጣቸዋል። ኮከብ ቈጣሪዎች 12ቱን ቤቶች በእሳት፥ በመሬት፥ በነፋስና በውሃ ሦስት ሦስት አድርገው ይከፍላሉ። እንግዲህ መገናኘቱ 200 ዓመት ያህል በአንድ ባሕርይ ቤቶች ውስጥ ሲመላለስ ይቈያል፤ ሦስት ማዕዘኑ በየጊዜው ጥቂት ስለሚንሸራተት ወደሚቀጥለው ባሕርይ ያልፋል፤ አራቱንም ለመፈጸም 800 ዓመት ያህል ይፈጃል።

እንደ ሰዓት የሚሠራ ነገር ነው። ሰውን የማረከውም ይህ ይመስለኛል፤ የሰማዩ ሒሳብ እውነተኛ ስለ ሆነ ከእርሱ ጋራ የተጣበቀው ትርጓሜም እውነተኛ መስሎ ታየ።

ፈረንሳዊው ካርዲናል ፒየር ዳዪ በ1414 ይህን ሒሳብ ከዓለም ታሪክ ጋራ ሊያስማማ ሞከረ። ዓለም እስከዚያ ከቈየ በ1789 ታላላቅ ለውጦች እንደሚሆኑ ጻፈ፤ መቈየቱን ግን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው ሲል ጥንቃቄ ጨምሮበታል። በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ስለ ፈነዳ ብዙዎች እስከ ዛሬ ይደነቁበታል። ይህ የሆነው የተፈጸመውን ቀን ሁሉም ስለሚያስታውስ፥ ያልተፈጸሙትን ግን የሚቈጥር ስለሌለ ነው። ለምሳሌ በመስከረም 1186 ፕላኔቶች ሁሉ በሚዛን ቤት እንደሚሰበሰቡ፥ ሚዛንም የነፋስ ቤት ስለ ሆነ ከተሞችን የሚያፈርስ ዐውሎ እንደሚነሣ የሚናገር፥ ከቶሌዶ ወጣ የተባለ ደብዳቤ በአውሮፓ ተሠራጭቶ ነበር። ፕላኔቶቹ በቀጠሯቸው ተሰበሰቡ፤ ነፋሱ ግን አልመጣም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የ1524 ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ስቶፍለር ከአንድ ባልደረባው ጋራ በ1499 ባሳተመው ሠንጠረዥ በየካቲት 1524 ሃያ መገናኘቶች እንደሚሆኑ፥ ከነዚህም 16ቱ በውሃ ቤት እንደሚሆኑ አሳየ። ቤቱ ሑት ነው፤ ዓሣ ማለት ነው። ስቶፍለር ራሱ በዓለም ሁሉ ታላቅ ለውጥ ይሆናል አለ እንጂ የጥፋት ውሃ ይመጣል አላለም። ይህን የጨመሩት ሌሎች ናቸው። የማተሚያ መኪና ገና ዕድሜው አጭር ነበርና፥ ነገሩን የሚያራግቡና የሚቃወሙ ከመቶ በላይ ትንንሽ ጽሑፎች ወጡ፤ በአንደኛው ሽፋን ላይ በሆዱ ውስጥ ፕላኔቶች የታጨቁበት ትልቅ ዓሣ በከተማ ላይ ውሃ ሲያፈስ ይታያል። በቱሉዝ አንድ የሕግ ዐዋቂ እንደ ኖኅ መርከብ አሠርቶ ነበር ይባላል። ጣልያናዊው ፈላስፋ አጎስቲኖ ኒፎ በ1519 ሕዝቡን ለማጽናናት ትንቢቱ ሐሰት ነው ብሎ ጻፈ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ እግዚአብሔር ምድርን ዳግመኛ በውሃ እንዳያጠፋ ለኖኅ የሰጠው ቃል ኪዳን በዘፍጥረት ዘጠነኛ ምዕራፍ ተጽፎ ሳለ፥ እነዚያ ክርስቲያኖች ከቃል ኪዳኑ ይልቅ ሠንጠረዡን አመኑ።

የካቲት ገብቶ ወጣ፤ የጥፋት ውሃ አልመጣም። በ1525 ግን በጀርመን አገር በጌቶቻቸው ላይ ከተነሡት ገበሬዎች ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ማርቲን ሉተር በማዕድ ላይ ሲጫወት ይህን አንሥቶ፥ ያልመጣውን ውሃ የተነበዩት ኮከብ ቈጣሪዎች የመጣውን የገበሬዎች ጦርነት አንዳቸውም አላዩትም ሲል ተሣልቆባቸዋል። የቅርብ ረዳቱ ፊልጶስ ሜላንክቶን ግን በኮከብ ቈጠራ አጥብቆ ያምን ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ያልተማረ ሕዝብ ስሕተት ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ከዚህም ሌላ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ጉዳይ አለ። በየካቲት 1524 ፀሐይ ራሷ በዚያው አካባቢ ስለ ነበረች ከፕላኔቶቹ አብዛኞቹ በብርሃኗ ተሸፍነው ነበር። በ1186ም ፀሐይ ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ ነበረች። ሰው ያን ያህል የፈራው በሌሊት ወጥቶ ያየውን ሳይሆን በወረቀት ላይ ያነበበውን ነው። ሰብአ ሰገል ግን ኮከቡን አይተናል ነው ያሉት።

ዮሐንስ ኬፕለር ይህን ልዩነት በሚገባ የተረዳ ይመስለኛል። በታኅሣሥ 1603 ጁፒተርና ሳተርን በእሳት ቤት በቀውስ ተገናኙ፤ በጥቅምት 1604 ደግሞ ማርስ ሲጨመርባቸው፥ በዚያው አካባቢ ማንም ያልጠበቀው አዲስ ኮከብ በራ። በፕራግ የንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ ሁለተኛ የሒሳብ ሊቅ የነበረው ኬፕለር በ1606 ስለዚህ ኮከብ መጽሐፍ አወጣ። በመጽሐፉ ውስጥ የ800 ዓመቱን ዙር ወደ ኋላ እየቈጠረ ከአዳም ጀምሮ በሔኖክ፥ በኖኅ፥ በሙሴ፥ በኢሳይያስ፥ በክርስቶስና በሻርለማኝ አልፎ እስከ ራሱ ንጉሠ ነገሥት ድረስ የሚያደርስ ሠንጠረዥ እናገኛለን። ጌታ በተወለደበት ዘመን አካባቢም ሁለቱ ፕላኔቶች በሑት እንደ ተገናኙ አስልቷል። የዛሬው ሒሳብ እንደሚያሳየው ይህ የሆነው ከልደት በፊት በ7ኛው ዓመት፥ በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው። ምድር በፍጥነት ስትቀድማቸው ለጊዜው ወደ ኋላ የሚመለሱ ስለሚመስሉ ነው ሦስት ጊዜ የሚሆነው።

ብዙ ሰዎች ኬፕለር የቤተ ልሔም ኮከብ የጁፒተርና የሳተርን መገናኘት ነው አለ ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ አላለም። ለእርሱ መገናኘቱ ጥበበኞቹ ዐይናቸውን ወደ ሰማይ እንዲያነሡ ያደረገ የታወቀ ቀጠሮ ነው፤ ኮከቡ ግን በ1604 እንደታየው፥ በዚያ ቀጠሮ ላይ እግዚአብሔር የጨመረው ነገር ነው። በእርግጥም በ7ኛው ዓመት ሁለቱ ፕላኔቶች ከአንድ ዲግሪ ገደማ፥ ማለት ከጨረቃ ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል፥ ይበልጥ አልተቀራረቡም፤ እንደ አንድ ኮከብ ሊታዩ አይችሉም ነበር። የ1604ቱ አዲስ ኮከብ ደግሞ ከፕላኔቶቹ ጋራ ጎረቤት መስሎ ታየ እንጂ፥ ከእነርሱ እጅግ ርቆ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የፈነዳ ኮከብ እንደ ነበረ ዛሬ እናውቃለን።

ከሁሉ ለእኛ ቅርብ የሆነው በእኛ አቆጣጠር የመስከረም 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ነገር ነው። በዮሐንስ ራእይ በምዕራፍ 12 ፀሐይን የተጐናጸፈች፥ ጨረቃ ከእግሮቿ በታች ያለች፥ 12 ከዋክብት የደፋች ሴት አለች። በዚያ ቀን ፀሐይ በሰንቡላ፥ ማለት በድንግሊቱ ኮከብ ውስጥ፥ ጨረቃ በእግሯ አጠገብ ነበሩ፤ ጁፒተር በዚያው በሰንቡላ ወራት ስለ ቈየ ሕፃን ነው ተባለ፤ አክሊሉ ደግሞ የአሰድ ዘጠኝ ከዋክብትና አጣርድ፥ ዝሁራ፥ መሪኅ ናቸው ተባለ። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ገና ጀማሪ ነበርሁ። አንድ ትልቅ ተማሪ መጻሕፍቱን ለታናናሾቹ አድሎ ሲጸልይ ሰነበተ። በ14ኛው ቀን መጻሕፍቱን ሊለምን ሲመጣ ተሣቀበት፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ጸሎት ቤት አልተመለሰም። የከሰረው በከዋክብት ላይ የነበረውን እምነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከበደ።

ሒሳቡን ያስረዳው ሰው አልነበረም። ፀሐይ በየዓመቱ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ማለቂያ በአውሮፓ አቆጣጠር በሰንቡላ ትቈያለች፤ ጨረቃ በየወሩ በእግሯ አጠገብ ታልፋለች፤ ጁፒተር በየ12 ዓመቱ ይመጣል። የሚከብደው የሦስቱ ፕላኔቶች በአሰድ መገኘት ነው፤ እርሱም ቢሆን ከቀሩት ጋራ ተደምሮ በ1056፥ በ1293፥ በ1483ና በ1827 እንደ ደረሰ የሥነ ፈለክ መምህሩ ክሪስቶፈር ግሬኒ አሳይቷል። የአሰድ ከዋክብትም ዘጠኝ ብቻ አይደሉም፤ ዘጠኝ የሆኑት ከሦስት ጋራ ተደምረው 12 እንዲሆኑ ነው። ከዚህም በላይ ፀሐይ በሰንቡላ ስትሆን ሰንቡላ የምትወጣው በቀን ነው። ያን ምልክት ማንም በዐይኑ አላየውም።

ነገሩን ለማመዛዘን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። በግእዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ የተረፈልን መጽሐፈ ሔኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ድረስ መልአኩ ዑርኤል የብርሃናትን ሥርዐት ለሔኖክ እንዳሳየው ይተርካል፤ በየት በር እንደሚወጡ፥ በስንት ቀን እንደሚመለሱ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የፍርድ ዘመን የሚነሣው በተለይ በምዕራፍ 80 ነው። እዚያም የኃጢአተኞች ዘመን የሚታወቀው ከዋክብት በቀጠሯቸው ሲገናኙ ሳይሆን፥ ጨረቃ ሥርዐቷን ስትለውጥና ከዋክብት ጊዜያቸውን ሲስቱ ነው። ከአፍሪካኖስ ሐሳብ ጋራ ሳይተያዩ የተስማሙ ይመስላሉ።

በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ጁፒተርና ሳተርን አንድ ዐሥረኛ ዲግሪ ያህል እስኪቀራረቡ ድረስ በምሽት ታይተዋል፤ ከ1623 ወዲህ እንዲህ ተቀራርበው አያውቁም። በብዙ አገር የልደት ኮከብ ተባለ። የሚቀጥለው መገናኘት በ2040 በጥቅምት መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ በሰንቡላ ከዋክብት መካከል ስለሚሆኑ የራእይ ምዕራፍ 12 እንደገና መነሣቱ አይቀርም። ጎሕ ሲቀድ በምሥራቅ በኩል ዝቅ ብለው ስለሚገኙ፥ ማየት የሚሻ ሰው ሳይነጋ መነሣት አለበት።