የዱባው እንቡጥ ለምን ረገፈ?

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዱባ ነው። ከአጥር ሥር ዘርታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሐረጉ ይሳባል፤ ቅጠሉ ይሰፋል፤ ቢጫ አበባ ያወጣል። ከዚያስ? ትንሽ ዱባ ብቅ ትልና ጠውልጋ ትረግፋለች። ጎረቤት አይቶ «የሰው ዓይን በላው» ይላል። ዓይን አይደለም። ብዙ ጊዜ ንብ ስላልደረሰለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱባ ሁለት ዓይነት አበባ አለው። ወንዴው በቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል። ከሴቴዋ አበባ ሥር ግን ክብ ትንሽ ዱባ ትታያለች። ነገ ጠዋት ጓሮ ገብታችሁ ለዩአቸው። በወንዴው አበባ መካከል ቢጫ ዱቄት አለ። ብናኝ ይባላል። ብ - ና - ኝ። በጣታችሁ ብትነኩት ይጣበቃል። ሴቴዋ ይህን ብናኝ ካላገኘች ፍሬዋ አያድግም። በቆሎን ነፋስ ያገለግለዋል፤ ጤፍና ስንዴም በራሳቸው ያፈራሉ። የዱባ ብናኝ ግን ከባድ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም፤ ተሸካሚ ይፈልጋል። ተሸካሚዋ ንብ ናት። አበባው ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፤ እኩለ ቀን ገደማ ይዘጋል፤ ተመልሶም አይከፈትም። እንግዲህ ንብ ያላት ጊዜ ያች አንዲት ጠዋት ብቻ ናት።

እኔ ይህን የተማርኩት በጥፋቴ ነው። አንድ ዓመት ጎመኔን ክሽክሽ ወረረው። የተባይ መድኃኒት ገዛሁና በማለዳ ረጨሁ። ዱባው እዚያው አጠገቡ አብቦ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ምን አየሁ መሰላችሁ? በአበባው ውስጥም፣ መሬት ላይም የሞቱ ንቦች። ክሽክሹስ ሞቷል፤ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጓሮው ጭር አለ፤ ትናንሾቹ ዱባዎችም አንድ በአንድ ረገፉ። እናቴ «ልጄ፣ ለጎመን ብለሽ ዱባውን ገደልሽው» አለችኝ። ምን እመልሳለሁ?

አሁን ክሽክሽ ሲመጣ ጥቂት ሳሙና በውሃ በጥብጬ የቅጠሉን ሥርና ላይ አጥባለሁ፤ ያውም ጀምበር ስትጠልቅ፣ ንቦች ከገቡ በኋላ። መድኃኒት የግድ ከሆነባችሁም ያበበ ነገር ላይ አትርጩ።

ንብ ደግሞ በዱባ ብቻ አትኖርም። በመስከረም አደይ አበባ አለላት፤ ኑግም ያብባል። (ኑግም ቢሆን የራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ ያለ ንብ ፍሬው ይቀንሳል።) ሜዳው ሲደርቅ ግን ምን ትብላ? በአጥራችሁ ላይ ግራዋ ካለ ሁሉንም አትመልምሉት፤ በበጋ ነጭ አበባ ያወጣላታል። ከጎመኑም ሁለት ሦስት እግር ሳትቀነጥሱ ተዉ። ያብባል፤ ንብ ትቀስመዋለች፤ እናንተም ዘር ታገኛላችሁ። ውሃ በዝርግ ሳህን አኑሩላት፤ እንዳትሰጥም ጠጠር ጨምሩበት።

ሁሉም ንብ በቀፎ አይኖርም። ጣዝማ ቤቷ መሬት ውስጥ ነው። በጭቃ ግድግዳ ቀዳዳና በደረቅ እንጨት ውስጥ የሚያድሩም አሉ። ስለዚህ ከጓሯችሁ ጥግ አንዱን ሳትቆፍሩ ተዉት። «ሰነፍ ናት» ቢሏችሁም ግድ የለም፤ እኔንም ብለውኛል።

ንብ ጨርሶ የማይመጣበት ጓሮ ካላችሁ በእጃችሁ ሞክሩ። በማለዳ ወንዴውን አበባ ቁረጡ፤ ቢጫ ቅጠሉን ገንጥላችሁ ጣሉ፤ የቀረውን በሴቴዋ አበባ መካከል ቀስ አድርጋችሁ አሹ። በዘንጓ ላይ ክር እሰሩ። ከዚያ ደብተራችሁን አውጡና ቀኑን ጻፉ። በሳምንቱ ሄዳችሁ እዩአት። ካደገች «አደገች»፣ ከረገፈች «ረገፈች» ብላችሁ ከቀኑ አጠገብ ጻፉ።