የአባባ ቃል ከሞተ ዲስክ ውስጥ

በስደተኛ ቤት ጋራዥ ውስጥ የማይገኝ ዕቃ የለም። እዚህ ማውንቴን ቪው በሚገኘው ጋራዣችን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ የኖረ አንድ ሃርድ ድራይቭ ነበረን። መጠኑ ከዳዊት መጽሐፍ አይበልጥም። የያዘው ግን የባለቤቴን አባት ቃል ነው።

አባባ በ1996 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሊጠይቁን ከጎንደር መጥተው ሦስት ወር ተቀምጠው ነበር። ማታ ማታ እርሳቸው ይናገራሉ፤ እኔ በኮምፒዩተር እጽፋለሁ። በመጨረሻው ሳምንት ለማንም ተናግረውት የማያውቁትን አወጡት፤ በቀይ ሽብር ዘመን የተወሰዱባቸውን ሁለት ወንዶች ልጆች ፍለጋ የት የት እንደዞሩ፣ የታላቁንም ልብስ ከማን እጅ እንደተቀበሉ። «ልጄ ይህን እኔ ካለፍሁ በኋላ ታንብበው» ብለው አደራ ሰጡኝ። በ2001 ሀገራቸው ላይ ዐረፉ። ኮምፒዩተሩ ግን ከእርሳቸው ቀድሞ ሞቶ ነበር። ግልባጭ አላስቀመጥሁም፤ በወረቀትም አላተምሁም። አደራ በላ ሆኜ ኖርሁ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ልጃችን ስለ አጎቶቹ ሲጠይቅ ነጠላውን ፈታሁ። ዲስኩን ከኮምፒዩተር ጋር ባገናኘው ይዞራል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከዚያም ዝም። አንድ ሱቅ ወሰድሁት፤ «ጣለው» አሉኝ። በመጨረሻ ሳን ሆዜ የሚኖር፣ ሙያውን የሚያውቅ አንድ የሀገራችን ልጅ ዘንድ ሄድሁ።

«ጋሼ፣ ስንት ጊዜ አስነሡት?» አለኝ።

«ሰባት ጊዜ።»

«ስምንተኛውን እንኳን ተዉልኝ!»

ነገሩን እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ዲስኩ ሲሽከረከር የምታነበው ራስ ሳትነካው ከላዩ ትንሳፈፋለች። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከጠጉር ውፍረት እጅግ ያንሳል፤ አቧራ እንኳ ቢገባ ሊቧጭረው ይችላል። ስለዚህ የታመመ ዲስክን ደጋግሞ ማስነሣት ቁስሉን ማስፋት ነው። ቤት ውስጥ መክፈትም ሆነ አንዳንዶች እንደሚመክሩት ፍሪዘር ውስጥ መክተት ጉዳቱ ይብሳል፤ ከቅዝቃዜው ሲወጣ ጤዛ ይይዛልና። ጭራሽ የማይዞር ቢሆን ኖሮ ከአቧራ በጸዳ ክፍል መከፈት ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ ሺህ ዶላሮች ሊጠየቁ ይችላሉ።

የእኛው ይዞር ስለነበር ዲዲረስኪዩ የተባለውን በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ተጠቀመ። ይህ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ ምንም አይጽፍም። መጀመሪያ ደህናውን ክፍል ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል፤ የተጎዳውን ዘልሎ ያልፍና መጨረሻ ላይ እየተመለሰ ይሞክራል። ጤፍ ለቃሚ ንጹሑን አስቀድማ እንደምታነሣው ያለ ነው።

«እስከዚያ ተስፋ እንዳይቆርጡ ሰፈርዎ ያለውን ሙዚየም ይዩ» አለኝ። ወደ ኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም ሄድሁ። አይቢኤም በ1956 ያወጣው፣ እዚሁ ሳን ሆዜ የተሠራው የመጀመሪያው ሃርድ ድራይቭ፣ ራማክ፣ እዚያ ቆሟል። ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ ነው። 50 ዲስኮቹ እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው፤ ሁሉም ተደምረው የሚይዙት ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ጡረታ የወጡ መሐንዲሶች ጠግነው ዳግም አንቀሳቅሰውታል፤ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት የተጻፈበትንም አንብበዋል። ያን ጊዜ ልቤ መለስ አለ።

ከሁለት ሌሊት በኋላ ልጁ ደወለ። ጽሑፉ ወጥቷል። ከፍተን ብናየው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት፣ ሰው የማያነበው ነገር ነው!

ይህ የዲስኩ ሕመም አልነበረም። ዶክተር አበራ ሞላን የመሳሰሉ ወገኖች በ1980ዎቹ ፊደላችንን ኮምፒዩተር ላይ ለማስቀመጥ ሲደክሙ ለግዕዝ የተመደበ ቦታ አልነበረም። አንድ ባይት 256 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ በመሰለው መንገድ በላቲኑ ቦታ ያሰፍረው ነበር፤ የአንዱን ጽሑፍ በሌላው ማንበብ አይቻልም ነበር። ለብዙ ዓመታት የፖስታ አድራሻው እዚሁ ማውንቴን ቪው የነበረው የዩኒኮድ ማኅበር ፊደላችንን በ345 ምልክቶች የመዘገበው በ1999 ነው። አባባ ከተናገሩ ሦስት ዓመት ዘግይቶ!

ደግነቱ የድሮው ፎንት እዚያው ዲስክ ላይ ነበርና አብሮ ወጣ። ልጁ የእያንዳንዱን ፊደል አቻ እየፈለገ ወደ ዩኒኮድ መለሰው።

ከ34 ገጽ 31ዱ ሙሉ ነው። ሦስቱ ተቆራርጠዋል። የታላቁ ልጅ ታሪክ አለ፤ የታናሹ መካከል ላይ ተቋርጧል። ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብታ በሯን ዘግታ አነበበችው። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ እኔን ግን አልወቀሰችኝም። ስልኩን አንሥታ ጎንደር ላሉት ታላቅ እኅቷ ደወለች። «እታለም፣ ስለ ታናሻችን እማማ የነገሩሽን ንገሪኝ» አለቻቸው። እርሳቸው የነገሯትን ከአባባ ቃል ቀጥለን፣ የማን ቃል እንደሆነ ለይተን ጻፍነው።

አሁን ሦስት ግልባጭ አለን፤ አንዱ ኮምፒዩተራችን ላይ፣ ሁለተኛው በሌላ ዲስክ፣ ሦስተኛው በወረቀት ታትሞ ጎንደር እታለም ዘንድ። እናንተም ወገኖቼ፣ ጋራዣችሁ ውስጥ ያለውን ሣጥን ዛሬ ክፈቱ። ቀጭ ቀጭ ካለ ወዲያው አጥፉና ለሚያውቅ አሳዩ።

ቸር ይግጠመን።