የብስክሌት ማርሽ መለወጫ አመራረጥ

ከመተማና ከሑመራ ማዶ ወደ ምዕራብ የተዘረጋው የገዳሪፍ አገር ሰፊ ሜዳ ነው። ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት ጥቁር አፈሩ በክረምት ይጨቀያል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ድንበሩን ተሻግረው የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ያረፉበት መንደር 8 የሚገኘውም በዚሁ አገር ነው። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ለሚጓዝ ሰው አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ብስክሌት ይበቃዋል። ዳሩ ግን ያንኑ ብስክሌት ይዞ ወደ ጎንደር ልውጣ ቢል፣ ከ600 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ መውጣት ግድ ይሆንበታል።

የማርሽ ጥቅም በቁጥር ሲገለጽ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በፊት ያለው ጥርሳም ክብ 39 ጥርስ፣ የኋላው 25 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 3.3 ሜትር ያህል ይሄዳል። የፊተኛው 34፣ የኋላው 32 ጥርስ ቢሆን ግን ጉዞው 2.2 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ርቀቱ በማነሱ እግር ይቀለዋል። ስለዚህ ያገለገለ የውድድር ብስክሌት ገዝቶ ዳገት ለመውጣት የሚያስብ ሰው ጥርሳም ክቦቹን መለወጥ ይፈልጋል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አዲሱ ክብ ከአሮጌው መለወጫ ጋር ካልተስማማ፣ ካቴናው በመካከል ይንጠለጠላል፤ ወይም ፈረሰኛው ቆሞ ፔዳል በሚረግጥበት ሰዓት ይዘልና ይጥለዋል።

ነገሩን ለመረዳት ሁለቱን ክፍሎች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በእጅ የሚነካው ማርሽ መለወጫ ነው። በኋላ ጎማ አጠገብ ተንጠልጥሎ ካቴናውን ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው የሚወስደውን ደግሞ አሻጋሪ እንበለው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቀጭን ሽቦ ነው። መለወጫው ሽቦውን ሲስብ አሻጋሪው ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል።

በ1956 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ብስክሌተኞቿም በሜልቦርን ተወዳድረው ነበር። በዚያ ዘመን በውድድር ብስክሌት የተለመደው መለወጫ ጠቅታ አልነበረውም፤ ተወዳዳሪው ሽቦውን ምን ያህል መሳብ እንዳለበት የሚያውቀው በጆሮውና በጣቱ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለውድድር ብስክሌት በጠቅታ የሚሠራ መለወጫ አወጣ። በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ መለወጫውን ከፍሬን እጀታው ጋር አዋሐደው። ከዚያ ወዲህ ጣት መገመት ቀርቶላታል፤ በምትኩ ግን ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው መስማማት ግዴታ ሆነባቸው።

እያንዳንዱ ጠቅታ የተወሰነ ርዝመት ያለው ሽቦ ይስባል። የሺማኖ ባለ 8 ማርሽ መለወጫ በአንድ ጠቅታ 2.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይስባል። አሻጋሪው ደግሞ የተሳበውን ርዝመት በ1.7 ያህል አባዝቶ ይንቀሳቀሳል። 2.8 በ1.7 ሲባዛ 4.76 ይሆናል፤ በክቦቹ መካከል ያለው ርቀትም 4.8 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። አሁን በዚሁ ብስክሌት ላይ ባለ 10 ማርሽ መለወጫ ቢታሰር፣ ጠቅታው 2.3 ሚሊ ሜትር ስለሚስብ እርምጃው 3.9 ብቻ ይሆናል። በአንድ ጠቅታ 0.9፣ በሦስት ጠቅታ 2.7 ሚሊ ሜትር ይጎድላል ማለት ነው። ይህም በሁለት ክቦች መካከል ካለው ርቀት ከግማሽ በላይ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሕግ የጠቅታውና የክቦቹ ቁጥር እኩል ይሁን የሚል ነው። ብዙ ሰው ይህን ያውቃል። ብዙው የማያውቀው ግን ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ሺማኖ ለመንገድ ብስክሌት ባለ 11 ማርሽ ሲያወጣ የአሻጋሪውን ብዜት ከ1.7 ወደ 1.4 አካባቢ ቀንሶታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲያግራ የተባለው ባለ 10 ማርሽም በአዲሱ ብዜት የተሠራ ስለሆነ፣ ከእርሱ በፊት ከነበሩት ባለ 10 መለወጫዎች ጋር አይስማማም። በሁለቱም ላይ ግን «10» ተብሎ ተጽፏል! የሺማኖ የተራራ ብስክሌት አሻጋሪም እንዲሁ ነው፤ ባለ 9 የሆነው ከመንገድ ብስክሌት መለወጫ ጋር በደኅና ይሠራል፤ ትልልቅ ክቦችን ስለሚችል ለዳገት ተመራጭ ነው። ባለ 10 የሆነው ግን ብዜቱ ሌላ ነው። ካምፓኞሎና ስራም የተባሉት ኩባንያዎች የየራሳቸው ልክ ስላላቸው የአንዱን መለወጫ ከሌላው አሻጋሪ ጋር ማዳቀል አይመከርም።

የኋላው ጎማም መታየት አለበት። ባለ 8፣ ባለ 9 እና ባለ 10 የሆኑት የሺማኖ ክቦች በአንድ ዓይነት ማዕከል ላይ ይገባሉ። የመንገድ ብስክሌት ባለ 11 ግን 1.85 ሚሊ ሜትር ሰፋ ያለ ማዕከል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ አዲስ ጎማ ያስገዛል። ካቴናውም ማርሹ በበዛ ቁጥር ይቀጥናል። መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት አገር ለሚኖር ሰው ባለ 8 ወይም ባለ 9 ይሻለዋል ባይ ነኝ። ጠቅታ የሌለው የድሮው መለወጫም አይናቅ፤ የክቦቹ ብዛት ስንትም ቢሆን ያሠራል።

መለወጫው የፍሬን እጀታም ከሆነ ፍሬኑን አለመመርመር አደገኛ ነው። የመንገድ ብስክሌት እጀታ የሚስበው ሽቦ አጭር ነው። በብዙ የተራራ ብስክሌቶች ላይ ያለው ረጃጅም ክንድ ያለው ፍሬን ግን ብዙ ሽቦ ይፈልጋል። ሁለቱ ከተገናኙ እጀታው መሪውን ይነካል እንጂ ጎማው በሚገባ አይያዝም፤ ይህም በቁልቁለት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ጽሑፉ የጠፋበት ያገለገለ መለወጫ ሲገኝ በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ሽቦው ወጥሮ ይያዝና መነሻው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያም እስከ መጨረሻው ጠቅታ ድረስ እየተቆጠረ ይሳባል። ባለ 8 መለወጫ 7 ጠቅታ አለው፤ የሺማኖ ከሆነ ምልክቱ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ባለ 10 የሆነው የቀድሞው ሺማኖ 9 ጠቅታ ኖሮት ጉዞው 21 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጠቅላላው ርዝመት እንደሚቀራረብ ልብ ይሏል፤ ስለዚህ ርዝመቱን ለጠቅታው ቁጥር ማካፈል ያስፈልጋል።