ጎርፍ የሚወስደው አፈር በሒሳብ ሲገመት

በኢምፔሪያል አካባቢ መደብሮች የሚሸጠው ጤፍ ዋጋው በየዕለቱ ይጠየቃል፤ ጤፉን ያበቀለው አፈር በክረምት ጎርፍ ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይኸውም በሒሳብ ሊገመት ይችላል።

በአሜሪካ የተዘጋጀውን የአፈር መከላት ቀመር ስዊዘርላንዳዊው ሊቅ ሀንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርገው አሻሽለውታል። በቀመሩ ስድስት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይባዛሉ፤ እነርሱም የዝናቡ ኃይል፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የተዳፋቱ ርዝመት፣ ቁልቁለቱ፣ የመሬቱ ሽፋንና የማሳው አያያዝ ናቸው። ውጤቱ ከአንድ ሄክታር በዓመት የሚታጠበውን አፈር በቶን ያሳያል።

ለጤፍ የተሰጠው የሽፋን ቁጥር 0.25 ሲሆን ለበቆሎና ለማሽላ 0.10 ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን፣ የጤፍ ማሳ የበቆሎውን ሁለት እጥፍ ተኩል አፈር ያጣል፤ ጤፍ ተደጋግሞ በታረሰና በለሰለሰ መሬት ላይ ዝናቡ በበረታበት ወራት ይዘራልና።

ቀመሩ የሚሰጠው የብዙ ዓመታትን አማካይ እንጂ የአንድ ቀን ዶፍ ያደረሰውን ጉዳት አይደለም፤ ቦረቦርንም አያጠቃልልም። ሆኖም እርከን ቢሠራ የሚተርፈውን አፈር አስቀድሞ ለማመዛዘን ይረዳል። ዋናውን ገንዘብ እያጠፋ በትርፍ የሚደሰት ነጋዴ እንደሌለ ሁሉ፣ አፈሩ እየታጠበ የሚገኝ ምርትም ለገበያው ዘላቂ አይሆንም።