ከመኪናው በፊት ቆጣሪውን

በ1446ኛው ዓመተ ሂጅራ በዋለው ረመዷን አንድ ምሽት፣ ከተራዊህ ሰላት ስንመለስ የጎማ ቃጠሎ ሽታ ከግቢያችን በር ላይ ተቀበለን። አከራያችን፣ የግቢው ሰው ሁሉ «እናታችን» የሚላቸው አዛውንት፣ ሻሻቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው በረንዳ ላይ ቆመዋል። «ልጆቼ፣ ከመኪናችሁ በኩል ነው» አሉን።

መኪናው ደህና ነበር። የቀለጠው በመስኮት አውጥተን እስከ መኪናው የዘረጋነው ኤክስቴንሽን ነው። ሶኬቱ ጠቁሮ፣ ከስሩ ያለው ምንጣፍም መሟረር ጀምሯል። ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ልጆቻችን ተኝተዋል። ዋናውን ብሬከር አውርደን፣ ገመዱን ነቅለን ከውጭ ጣልነው። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አልደረሰም። የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ከሆንን ገና አሥራ ሁለት ቀናችን ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ እንደሚታወቀው መንግሥት በ2014 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የነበረውን የኤክሳይዝና የሱር ታክስ አንስቶ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አደረገ። ስለዚህ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ሲገዙ የኤሌክትሪኩን የሚመርጡ ቤተሰቦች አሉ። እኛም ከእነዚህ አንዱ ነን። ዘመድም ጎረቤትም ሲያገኘን «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቀናል። «በማን ቆጣሪ ነው የምትሞሉት?» ብሎ የጠየቀን ግን እስካሁን የለም። እኛም ከመግዛታችን በፊት ራሳችንን አልጠየቅንም።

አገዛዛችን

የገዛነው ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ የተባለውን፣ አምስት ሰው የሚይዘውን አነስተኛ ኤስዩቪ ነው። ሙሉ ገንዘቡ ስላልነበረን በሙራባሃ ለመግዛት ወሰንን። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ከወለድ ነጻ የሆነ ፋይናንስ ለሚፈልግ ቤተሰብ መንገዱ ሰፍቷል፤ በሌሎች ባንኮችም የወለድ አልባ መስኮቶች አሉ። እዚህ ላይ ልንሳሳት የደረስንበትን አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ሻጩ «መኪናው ሳይሸጥባችሁ ቶሎ ፈርሙ» ብሎ አቻኮለን። በሙራባሃ ግን መኪናውን በመጀመሪያ ባንኩ ይገዛዋል፤ ባለቤት ከሆነ በኋላ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ገልጾ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጥለታል። እኛ ቀድመን ከሻጩ ጋር ሽያጩን ጨርሰን ቢሆን ኖሮ ባንኩ የሚሸጥልን ነገር ባልነበረ፤ የሚቀረው ገንዘብ አበድሮ በጭማሪ መቀበል ይሆን ነበር። ስለዚህ ጠበቅን። መኪናው ለሌላ ሰው ተሸጠ፤ እኛም ሌላ አገኘን።

ሻጩ «510 ይሄዳል» ብሎን ነበር። አልዋሸም፤ ቁጥሩ የቻይና የሙከራ ውጤት ነው። ነገር ግን ይኸው 60.48 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው መኪና በአውሮፓው ሙከራ የተሰጠው 420 ነው። እኛ በኮልፌ ዳገት፣ በመገናኛ መጨናነቅ፣ አንዳንዴም ልጆች ጭነን ስንነዳው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ እንቆጥርበታለን። ለከተማ ኑሮ ከበቂ በላይ ነው። ቁጥሩን አምኖ ያለ ዝግጅት ሩቅ አገር ለሚነሳ ሰው ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሌላው የሶኬቱ ዓይነት ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የሚሞላበት አፍና ለአውሮፓ የተሠራው አፍ አይገጥሙም። ከቤታችሁ ወይም ከሥራ ቦታችሁ አጠገብ ያለው ጣቢያ የትኛውን እንደሚይዝ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፈጣን የመሙያ ጣቢያ ከፍቷል፤ ሌሎችም አሉ። ከአዲስ አበባ ስትርቁ ግን እየሳሱ ይሄዳሉ።

የገመዱ ነገር

ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። በማግስቱ ያመጣነው የመብራት ሠራተኛ የቀለጠውን ሶኬት አገላብጦ አይቶ «ይህ እኮ ለቴሌቪዥን ነው» አለን። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር 10 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 2.2 ኪሎዋት መሆኑ ነው። ምጣድ ከዚህ ይበልጣል፤ እንጀራ ተጋግሮ ሲያልቅ ግን ምጣዱ ይጠፋል። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይስባል። ቀጭን ኤክስቴንሽን ወይም የላላ ሶኬት ይህን አይችልም፤ ቀስ በቀስ እየጋለ ሄዶ ይቀልጣል።

ሠራተኛው ከዋናው ሰሌዳ ባለ ስድስት ሽቦ በቀጥታ ዘርግቶ፣ የራሱ ብሬከር አበጅቶ፣ ኧርዝ አስገባልን። ኧርዙ የቅንጦት ነገር አይደለም። በድሮ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ስለማይኖር ብዙ ቻርጀሮች ቀይ መብራት አብርተው አልሞላም ይላሉ። አንዳንድ ሰው ይህን ለማታለል ዘዴ እንደሚያበጅ ሰምተናል። ልጆች እጃቸውን የሚያሳርፉበት የብረት አካል ነውና እባካችሁ አታድርጉት።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያጽናና ስሌት አለ። ብዙ ቤተሰብ ትልቅ ቻርጀር ካላስገባሁ አይሆንም ብሎ ይጨነቃል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ግን የሚያስፈልገው ከ6 እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በትንሿ ቻርጀር ከሦስት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከኢሻ በኋላ ሰክታችሁ ለሱሑር ስትነሱ አልቆ ይቆያችኋል፤ መብራት ካልጠፋ በቀር። በሚጠፋባቸው ሳምንታት እኛ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አንተወውም።

የእናታችን ሐቅ

ግቢያችን አንድ ቆጣሪ ነበረው፤ እናታችንና እኛ የምንጠቀምበት። ከመኪናው በፊት ግቢው በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር። መኪናው ሲጨመር 380 ደረሰ። እናታችን ደረሰኙን ይዘው መጡ፦ «ልጆቼ፣ የዚህ ወር መብራት ምን ሆኖ ነው እንዲህ የመጣው?»

እኛ ደግሞ ተዘጋጅተን ነበር። መኪናው የወሰደውን ከስክሪኑ አንብበን፣ ሒሳቡን ለጠቅላላው ኪሎዋት አካፍለን፣ ድርሻችንን ቆጥረን ሰጠናቸው። ትክክል የሠራን መስሎን ተኛን። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሒሳብ ባለሙያ የሆነ ታናሽ ወንድማችን ለዚያራ መጥቶ ወረቀቱን ሲያይ ዝም አለ። ከዚያም «እኒህን ሴትዮ እኮ በድላችኋቸዋል» አለን።

የቤት መብራት ታሪፍ በእርከን ነው። አጠቃቀሙ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። እናታችን ለአምፑላቸውና ለማቀዝቀዣቸው የሚፈጁት አልተለወጠም፤ የእኛ መኪና ግን ግቢውን ወደ ውዱ እርከን አወጣው። በእኩል ዋጋ ስናካፍል እሳቸው የእኛን ውድነት አብረው ከፈሉ። በዚያ ላይ ቻርጀሩ ሲሞላ የሚባክነው ኃይል በመኪናው ስክሪን ላይ አይታይም፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥረዋል። ትክክለኛው ስሌት እሳቸው መኪናው ባይኖር የሚከፍሉትን ከፍለው፣ የቀረውን ሁሉ እኛ መሸፈን ነበር።

ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገሩ ግን የሰው ሐቅ ነው። በረመዷን፣ ከተራዊህ መልስ በየሌሊቱ ስንሰካው የነበረው የእሳቸውን ገንዘብ ነው ማለት ነው። የሦስት ወሩን ደረሰኝ አውጥተን እንደገና አስልተን ልዩነቱን ይዘን ሄድን። እናታችን «ይሄ ምን ይባላል፣ ልጆቼ አይደላችሁም እንዴ» ብለው አልቀበልም አሉ። ወንድማችን «እማማ፣ ካልተቀበሉን እንቅልፍ የለንም፤ አውፍ ይበሉን» ሲላቸው ሳቁና ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ለእኛ የራሳችን ቆጣሪ እንዲገባ በስማቸው ማመልከቻ አስገቡልን። እስኪገባ ድረስ በአዲሱ ሽቦ ላይ ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ አስገጠምን፤ የወሩን ቁጥር በጋራ እያነበብን እንጽፋለን።

ጥቂት ሌሎች ነገሮች

የዚህ መኪና ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ስለሆነ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ እስከ 100 መሙላት ለመለኪያው ይጠቅመዋል። ሌላ ዓይነት ባትሪ ላላቸው መኪኖች ግን ለዕለት አገልግሎት 80 ይበቃል፤ የመኪናችሁን መመሪያ አንብቡ። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተች መኪናው አይነሳም። እኛ ለዘመድ ሐዘን ሁለት ሳምንት ርቀን ስንመለስ ደርሶብናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ድምፁ ነው። በሰፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሄድ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች በደንብ አይሰሙትም። ከግቢ ስንወጣ አንዳችን ወርደን ከፊት እንሄዳለን።

በዚያው ዓመት ለዒድ አዳማ ሄድን። በፈጣኑ መንገድ ቁልቁል ስንወርድ ከቤታችን እስከ አዳማ 22 ከመቶ ብቻ ወሰደ፤ መኪናው ሲወርድ ፍጥነቱን እየገታ ኃይል መልሶ ይሰበስባልና። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ያው መንገድ 33 ከመቶ በላ። እናታችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ቁጥሩ ሲወርድ እያዩ፣ ቤት እስክንደርስ ዱዓ ሲያደርጉ ነበር።