«ምሥጢርህን ይዣለሁ» የሚል ኢሜይል ሲደርስ
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ማብራሪያ

በብቸናና በሞጣ ዙሪያ የሚገኙ አድባራትና ገዳማት ዛሬ መልእክት የሚለዋወጡት በታሸገ ፖስታ ብቻ አይደለም። የውኃ ፕሮጀክት ሪፖርት፣ የችግኝ ጣቢያ ፎቶግራፍ፣ የሥልጠና ተሳታፊዎች ስም ዝርዝር በኢሜይልና በቴሌግራም ይላካል። ብዙ ሰበካ ጉባኤያትም ለዚሁ ሥራ የኢሜይል አድራሻ አውጥተዋል። አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በጉባኤው ጸሐፊ ወይም በአንድ ወጣት ዲያቆን ስልክ ነው። በዚህ በር ግን ያልተጠራ እንግዳም ይገባል። «ምሥጢርህን ይዣለሁ፤ ገንዘብ ካልከፈልህ ለሰው ሁሉ አሳያለሁ» የሚል ኢሜይል ከእነዚህ እንግዶች አንዱ ነው።

ለካህን፣ ለመነኩሴ ወይም የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ በአደራ ለያዘ ሰው ስም ማለት አገልግሎት ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርስ ያላጠፋ ሰው እንኳ ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ለማንም ሳይናገር፣ ቶሎ ከፍሎ መገላገልን ይመርጣል። በእጁ ያለው የደብሩ ገንዘብ ከሆነ ጉዳቱ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ደብዳቤው በምን እንደሚታወቅ፣ ሲደርስ ምን መደረግ እንዳለበትና የጉባኤውን የመልእክት ሳጥን እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል ነው።

ደብዳቤው ምን ይላል?

ይዘቱ በየአገሩ ተመሳሳይ ነው። ጸሐፊው በስልክህ ወይም በኮምፒዩተርህ ላይ የስለላ ፕሮግራም ጭኛለሁ ይላል። አሳፋሪ ምስል ስትመለከት በገዛ ካሜራህ ቀርጬሃለሁ፣ የወዳጆችህንም አድራሻ ሁሉ ወስጃለሁ ሲል ይቀጥላል። በመጨረሻም በ48 ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል ገንዘብ በቢትኮይን ካልላክህ ቪዲዮውን ለሁሉም እበትናለሁ ብሎ ይዝታል። የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነው።

ይህ ማታለያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ በብዛት ተሠራጭቷል። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማእከል በዚያ አንድ ዓመት ብቻ አስፈራርቶ ገንዘብ መጠየቅን የሚመለከቱ 51,146 አቤቱታዎች ተቀብሏል። ይህ ከቀደመው ዓመት ጋር ሲነጻጸር የ242 በመቶ ጭማሪ ነው። በ2019 ደግሞ ቼክ ፖይንት የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ድርጅት፣ በቫይረስ የተያዙ ኮምፒዩተሮችን በማስተባበር በሰዓት እስከ 30,000 የሚደርስ እንዲህ ያለ ኢሜይል የሚልክ አንድ መረብ አግኝቷል። በሰዓት ሠላሳ ሺህ ደብዳቤ የሚልክ መሣሪያ የማንንም ቤት አያውቅም፤ የማንንም ካሜራ አይመለከትም። መረቡን ይጥላል፣ የደነገጠውን ያጠምዳል።

ውሸቱ በምን ይታወቃል?

አንደኛ፣ ዝርዝር የለውም። በመጽሐፈ ሶስና ሁለቱ ሽማግሎች ሶስናን ያስፈራሯት ፈቃዳቸውን ካልፈጸመች በሐሰት እንደሚመሰክሩባት በመንገር ነበር። ነቢዩ ዳንኤል ውሸታቸውን የገለጠው ለየብቻ አቁሞ ነገሩን በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩ በመጠየቅ ነው፤ መልሳቸውም ተለያየ። ለእነዚህ ደብዳቤዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ እናቅርብላቸው። የተቀባዩን ስም ይጠራሉ? ቀኑን ይናገራሉ? ከቪዲዮው አንድ ምስል አያይዘዋል? ቪዲዮ ያለው ሰው አንድ ምስል ቢያሳይ ይበቃው ነበር። አብዛኞቹ ደብዳቤዎች ግን ለማንም ሊላኩ የሚችሉ ናቸው፤ ለመቶ ሰው ቢላኩ አንድ ቃል መለወጥ አያስፈልጋቸውም።

ሁለተኛ፣ አንዳንዱ ደብዳቤ ተቀባዩ በእርግጥ ይጠቀምበት የነበረውን የይለፍ ቃል ይጠቅሳል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ይህ ነው። ምንጩ ግን የተቀባዩ ስልክ አይደለም። ትልልቅ ድርጅቶች በተለያየ ጊዜ ተዘርፈው የደንበኞቻቸው አድራሻና የይለፍ ቃል ወጥቷል። ለምሳሌ ሊንክድኢን የተባለው የሥራ መገናኛ መድረክ በ2012 እ.ኤ.አ. ተሰብሮ፣ ከመቶ ሚሊዮን የሚበልጡ ተጠቃሚዎች መረጃ በ2016 ለሽያጭ ቀርቧል። አጭበርባሪዎች እንዲህ ያለውን ዝርዝር ገዝተው በደብዳቤው ላይ ያትሙታል። አድራሻቸው በእንዲህ ያለ ዝርፊያ ውስጥ መግባቱን ማወቅ የሚፈልጉ፣ አውስትራሊያዊው የደኅንነት ባለሙያ ትሮይ ሀንት በ2013 ባቋቋመው «ሀቭ አይ ቢን ፖንድ» በተባለው ነፃ ድረ ገጽ መመርመር ይችላሉ። የይለፍ ቃሉ ዛሬም በሥራ ላይ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር መለወጥ አለበት።

ሦስተኛ፣ ደብዳቤው ከራሱ ከተቀባዩ አድራሻ የተላከ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህም የተጠለፈ መሆኑን አያረጋግጥም። በፖስታ ጀርባ ላይ የላኪን ስም ማንም እንደ ፈለገ ሊጽፍ እንደሚችል ሁሉ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተቀረጸው የኢሜይል አሠራርም በመሠረቱ የላኪውን ማንነት አይመረምርም። የኋላ ዘመን መከላከያዎች ተጨምረውለታል፤ ሆኖም ሁሉንም ሐሰተኛ ላኪ አያስቀሩም።

አራተኛ፣ ቀነ ገደቡ ራሱ ይመሰክራል። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። መስመሩ ሲመለስ በተከፈተ ሳጥን ውስጥ የወራት ዕድሜ ያለው የ«48 ሰዓት» ማስፈራሪያ ቢገኝ፣ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል፤ የተበተነ ነገር ግን የለም። አንዳንዱ «ይህን ደብዳቤ ስትከፍት ዐውቃለሁ፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነው» ይላል። ኢሜይል መከፈቱን ለላኪ የሚጠቁም ስውር ምስል መኖሩ እውነት ነው። ያ ምስል ግን ካሜራ አይከፍትም፣ ቪዲዮም አይቀርጽም።

አምስተኛ፣ እውነተኛ ሰላይ ራሱን አያስተዋውቅም። ለዚህ ከወገኖቻችን ታሪክ ምሳሌ አለ። በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የስለላ ፕሮግራም በኢሜይል ይላክ እንደ ነበር አሳይቷል። እነዚያ ኢሜይሎች ስለ ስለላ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቪዲዮ ለመመልከት ፕሮግራም አድሱ የሚሉ ተራ ግብዣዎች ነበሩ። ስለዚህ አብልጦ መጠንቀቅ የሚገባው «ጠልፌሃለሁ» ከሚለው ደብዳቤ ይልቅ፣ ከማናውቀው ሰው ተልኮ «ይህን ጫኑ» ከሚለው ማያያዣ ነው።

እውነተኛ አደጋ የሚሆነው መቼ ነው?

ከላይ የተገለጸው ባዶ ዛቻ ነው። ነገር ግን በእጁ እውነተኛ ምስል ያለው አስፈራሪም አይጠፋም። ምስሉ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በሦስት መንገድ ነው። አንዱ፣ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የተዋወቁት የማይታወቅ ሰው ወዳጅ መስሎ የግል ምስል ሲቀበል ነው። ሁለተኛው፣ ለጥገና የተሰጠ ስልክ ከነሚሞሪ ካርዱ ሲገለበጥ ነው። ሦስተኛው፣ «በስህተት ወደ አንተ የተላከውን ቁጥር ንገረኝ» በሚል ማታለያ የቴሌግራም አካውንት ሲነጠቅ ነው።

በዚህም ጊዜ ቢሆን መክፈል መፍትሔ አይሆንም። የተከፈለው ሰው ምስሉን ለማጥፋቱ ዋስትና የለም። አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ደግሞ ሊከፍል የሚችል መሆኑን አሳይቷልና ይመለስበታል። ልዩነቱ ባዶውን ዛቻ ንቆ መተው ሲበቃ፣ እውነተኛ ምስል ያለውን ግን ሳይዘገዩ ለፖሊስ ማመልከት የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። ተጠቂው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ሲሆን ደግሞ አንድ ቀንም ማዘግየት አይገባም።

ደብዳቤው ሲደርስ የሚወሰዱ እርምጃዎች

1. አለመክፈልና መልስ አለመስጠት። መልስ መስጠት ሳጥኑ ሰው ያለበት መሆኑን ያረጋግጥላቸዋል። በቢትኮይን የተላከ ገንዘብም በባንክ እንደ ተላከ ገንዘብ «ተሳስቻለሁ» ተብሎ አይመለስም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. በአገር ውስጥ በእንዲህ ያለ ገንዘብ መገበያየት ሕጋዊ አለመሆኑን አስታውቋል።

2. ለአንድ የታመነ ሰው መንገር። ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ የሚጠቅመው አስፈራሪውን ብቻ ነው። ለብቻ ሲያነቡት የሚያስፈራ ደብዳቤ ለሁለት ሲያነቡት ባዶነቱ ይታያል።

3. ማስረጃ መያዝ። ኢሜይሉ ወይም የቴሌግራም ንግግሩ ከመጥፋቱ በፊት የስክሪኑ ፎቶ ይነሣ፤ ላኪው፣ ቀኑና የገንዘብ መላኪያው አድራሻ ይታይ። ከዚያ በኋላ መልእክቱን ስፓም ብሎ ማስመዝገብ፣ ላኪውንም ማገድ ይቻላል።

4. የይለፍ ቃል መለወጥ። በተለይም አንድ የይለፍ ቃል በብዙ ቦታ ለሚጠቀም ሰው ይህ የግድ ነው።

5. ማመልከት። እውነተኛ ምስል ካለ፣ ዛቻው ከተደጋገመ ወይም ገንዘብ ተከፍሎ ከሆነ ለቅርቡ ፖሊስ ይመልከት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13፣ በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል በማሠራጨት ሌላውን ሰው ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት የሚያስፈራራ ሰው ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆንም ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። በሕጉ ፊት ተጠያቂው አስፈራሪው ነው።

የጉባኤውን ሳጥን መጠበቅ

ብዙ ጊዜ የኢሜይል አካውንት የሚከፍትልን ስልክ የሸጠልን ወይም የጠገነልን ባለ ሱቅ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው እርሱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የይለፍ ቃሉ በገቢ ደረሰኝ ጥራዝ ጀርባ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉባኤ የሚከተሉትን እንዲያስተካክል እንመክራለን።

የጉባኤው ኢሜይል ከጸሐፊው የግል ኢሜይል የተለየ ይሁን። የይለፍ ቃሉ በቀላሉ የማይገመት፣ ረዥምና ለሌላ አካውንት ያልዋለ ይሁን፤ የደብሩ ስም ወይም የስልክ ቁጥር አይሁን። ጽፎ ማስቀመጥ ካስፈለገ እንደ ማኅተሙ በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥ። ጸሐፊው ሲለወጥ የይለፍ ቃሉም ይለወጥ፤ ርክክቡም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። በኢሜይሉም በቴሌግራሙም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይከፈት፤ ይህ ሲሆን የይለፍ ቃሉን ብቻ ያገኘ ሌባ አይገባም። በስልክ የሚላክን የማረጋገጫ ቁጥር ወይም የቴሌብርን ምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ፣ ማንም ነኝ ቢል፣ አይነገረው። በኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር የተጠቀመ ሰው ከመነሣቱ በፊት ከአካውንቱ ይውጣ። ስልክ ለጥገና ሲሰጥ ሚሞሪ ካርዱና ሲም ካርዱ ይውጡ፤ በስልኩ ውስጥ የተቀመጠ የግል ፎቶም አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር።

ለሕንፃ ሥራ ርዳታ ስንጠይቅ በፌስቡክ የምንለጥፈው ደብዳቤም ጥንቃቄ ይሻል። ማኅተምና ፊርማ በግልጽ የሚታይበት ደብዳቤ ለሐሰተኛ ልመና ሊገለበጥ ይችላል። የምንረዳቸው ወላጅ አልባ ልጆችና አረጋውያን ስም፣ ፎቶና ስልክ ቁጥር ደግሞ በቴሌግራም ቡድን ሊለቀቅ አይገባም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰዎችን መረጃ የሚሰበስቡ አካላት ጠባቂዎቹም እንዲሆኑ ያዛል።

ለንስሐ አባቶች

እንዲህ ያለ ዛቻ የደረሰበት ምእመን ከፖሊስ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ንስሐ አባቱ ሊሆን ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና ተናግሮ መምጣቱ ራሱ የመዳን መጀመሪያ ነው። በዚያች ሰዓት የሚነገረው የመጀመሪያ ቃል ተግሣጽ ከሆነ ተመልሶ ወደ ዝምታው ይገባል፤ ዝምታውም ወደ ክፍያ፣ አንዳንዴም ወደ ተስፋ መቁረጥ ያደርሰዋል። መጀመሪያ ማረጋጋት፣ እንዳይከፍል መምከር፣ የሚያመለክት ከሆነም አብሮት የሚሄድ ሰው መፈለግ ይገባል። ጥፋት ካለ ለእርሱ ሥርዓተ ንስሐ አለው፤ ለአጭበርባሪ የሚከፈል ገንዘብ ግን ንስሐ አይደለም። የኑዛዜው ምሥጢር እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ወደ ፖሊስ የመሄዱ ውሳኔ የባለ ጉዳዩ የራሱ ነው።

ማጠቃለያ

የእነዚህ ደብዳቤዎች ጉልበት ያለው በቪዲዮው ሳይሆን በተቀባዩ እፍረትና ብቸኝነት ነው። ስለዚህ ጉባኤያት ይህን ጽሑፍ በሚቀጥለው ስብሰባቸው አንብበው ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ እንዲወስኑ እንጠይቃለን፦ የጉባኤው ኢሜይል የይለፍ ቃል በማን እጅ እንዳለ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው መቼ እንደሚከፈት፣ እንዲሁም ማስፈራሪያ የደረሰው አባል ሳያፍር በቅድሚያ የሚነግረው ሰው ማን እንደሆነ። ሦስተኛው ገንዘብም ሆነ ኔትወርክ አይጠይቅም፤ ዛሬውኑ ሊወሰን ይችላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።